ኮምፒውተሩ የነገረኝ ስም

ኅዳር 12 ቀን 1992 ዓ.ም.
ላፍቶ

ለሴና እናት፣

እንደምን ሰነበትሽ? ልጅሽስ ደህና ናት? በዚህ በኅዳር ብርድ የልጆች ሳል ስለሚበረታ ጠዋት ጠዋት ደረቷን ሸፍነሽ እንደምታስወጫት ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ለክፉ አልሰጠኝም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሱቄን እከፍታለሁ። ሰው ደህና ነሽ ወይ ሲለኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ስለውም የዋሸሁ አይመስለኝም። ዛሬ ሚካኤል ስለሆነ ሱቁን ዘግቻለሁ። ሰፈሩ እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ከየደጁ እያወጣ ያቃጥላል፤ ጭሱ በመስኮት እየገባ ዓይኔን ያቃጥለኛል። ወረቀቱ ላይ እንባ የሚመስል ነገር ካየሽ ጭሱ ነው።

ስድስት ዓመት ለሰው ደብዳቤ ስጽፍ ኖሬያለሁ። ባለጉዳዩ ከጎኔ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ እኔ ጨርሼ ቀጥል እለዋለሁ። የራሴ ሲሆን ግን ሰላምታው ላይ ግማሽ ቀን ፈጀሁ፤ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። በመጀመሪያው ላይ እርስዎ ብዬሽ ነበር፣ የቀበሌ ሊቀመንበር አስመሰልኩሽ። አንቺ ያልኩሽ ንቄሽ አይደለም። እኔና አንቺ እርስዎ የምንባባልበት ነገር የቀረን ስላልመሰለኝ ነው።

ማን እንደሆንኩ ደብዳቤውን ያደረሰልሽ እስጢፋኖስ ሳይነግርሽ አይቀርም። የኢታና ሚስት ነኝ። እባክሽ እዚህ ስትደርሺ አትቅደጂው። የጻፍኩት ልሰድብሽ አይደለም። ስድብ ቢያምረኝ ኖሮ ራሴ እመጣ ነበር፤ ሀና ማርያም ከእኔ ቤት የስንት ደቂቃ መንገድ ነው?

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ሌላውን ባታነቢው እንኳን ይህን ያዢ። የኢታና ታላቅ ወንድም ጋሽ ሮበሌ፣ ወንድሜ ልጅ ሳይወልድ ስለሞተ ወራሹ እኔ ልባል ብለው ፍርድ ቤት አመልክተዋል። ተቃዋሚ ካለ ይቅረብ የሚል ማስታወቂያም በጋዜጣ ወጥቷል። ጋዜጣውን እንዳላየሽው እስጢፋኖስ ነግሮኛል፤ ማንስ ያየዋል? ቀጠሮው ዓርብ ኅዳር 23 ነው። በዚያን ቀን ማንም ካልቀረበ ኢታና ልጅ አልነበረውም ተብሎ ይጻፋል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ማኅተም ያረፈበትን ነገር ለማስነሳት ስንት ዓመት እንደሚያመላልስ ከባለጉዳዮቼ አይቻለሁ። ያኔ ልጅሽ አባት የሌላት ትሆናለች ማለት ነው።

ማመልከቻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። በገዛ ጣቴ። ጋሽ ሮበሌ በመስከረም መጨረሻ፣ የኢታና አርባ በወጣ በሳምንቱ፣ ረቂቁን በደብተር ወረቀት ይዘው ሱቄ መጡ። ሌላ ጸሐፊ ጋ ቢሄዱ የምቀየማቸው መስሏቸው ይሆናል። ሟች ልጅ ያልነበራቸው መሆኑን፣ የሚለውን መስመር ስጽፍ እጄ እንኳን አልዘገየም። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ለስንቱ ጽፌያለሁ። ጨርሼ፣ እኔም ሚስቲቱ ይህን አውቃለሁ ብዬ ከታች ፈረምኩ። ያን ጊዜ የማውቀው እሱን ነበር።

አሁን እንዴት እንዳወቅሁ ልንገርሽ። ሰው አልነገረኝም። ኢታና ምስጢሩን እንዴት አድርጎ እንደጠበቀ ብታውቂ ትገረሚያለሽ፤ ወይም አንቺ ታውቂው ይሆናል።

የሱቁን ኮምፒውተር እሱ ነው ከየቦታው ዕቃ እየለቀመ የገጠመልኝ። ሁለት ሃርድ ዲስክ ነበረው። አንደኛው ሆዱ ውስጥ የተቀመጠ፣ ሲ የሚባለው፣ የእኔ ሥራ ያለበት ነው። ሁለተኛው ዲ ይባላል። እሱን በመሳቢያ ውስጥ አድርጎ ከፊት ለፊት አስገባው። እንደ ኮሞዲኖ መሳቢያ ይሳባል፣ ይወጣል፣ በቦርሳ ይያዛል። የደንበኞቼ ሥራ አለበት፣ ሰው እንዳያይብኝ ነው አለኝ። ዓርብ ዓርብ ከሰዓት መሳቢያውን ሳብ አድርጎ በፎጣ ይጠቀልልና ደብረ ዘይት የጥገና ሥራ አለኝ ብሎ ይሄዳል። ቅዳሜ ይመለሳል፣ ሰኞ መሳቢያው ቦታው ይገባል። ይህ አራት ዓመት ሙሉ ነው። የደብረ ዘይት ኮምፒውተሮች ምን ዓይነት በሽተኞች ናቸው፣ ሐይቁ አጠገብ ብርድ እየመታቸው ነው ወይ እያልኩ እቀልድበት ነበር። እሱም ከልቡ ይስቅ ነበር። አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ ያ ቀልድ ነው።

የሞተበት ዓርብ፣ ነሐሴ 14፣ እውነትም ደብረ ዘይት ነበር የሚሄደው። መሳቢያውን በጠዋት አንቺ ጋ ጥሎ እንዳለፈ የሰማሁት ኋላ ነው። አደጋው ከደረሰበት ከዱከም ቦርሳውን አመጡልኝ፣ ጫማውን አመጡልኝ። መሳቢያው የታል ብዬ አልጠየቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንዝዣለሁ። ጥርስ ሲነቀል መርፌ ይወጉሽና ከንፈርሽ የሌላ ሰው ይመስልሻል አይደል? እንደዚያ ነኝ። ስነካው አለ፤ የኔ ግን አይመስለኝም።

በጥቅምት አንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን ስም ዝርዝር በሙሉ፣ ሮስተር የሚሉትን፣ እንድጽፍላቸው ሥራ ሰጡኝ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ከኢታና ሞት ወዲህ የመጣልኝ የመጀመሪያው ደህና ሥራ እሱ ነበር። ርዕሰ መምህሩ የፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዓመት ሲገባ አሮጌ ፕሮግራም ሁሉ ያብዳል የሚል ወሬ ሰምተው፣ ፋይሉን በአዲሱ ፕሮግራም አሠርተው መጡ። እኛ እኮ ገና 1992 ላይ ነን፣ ምን አጣደፈን ብላቸው አልሳቁም። የእኔ ኮምፒውተር ላይ ያለው አሮጌው ነው፤ ፋይላቸውን አልከፍትም አለ። አዲሱን በሲዲ ሰጡኝና በሦስት ቀን ውስጥ ካልጫንሽው ሥራውን ለሌላ እንሰጣለን አሉኝ።

ሲዲውን ከተትኩ። ትንሽ ሄደና ቆመ። ኢንቫሊድ ድራይቭ፣ ዲ የሚል ጽሑፍ ወጣ። ዲ የሚባል ድራይቭ የለም ማለቱ ነው። ከሥሩ ያለው ምርጫ እሺ ማለት ብቻ ነው፤ እሺ ስትዪው የጀመረውን ሁሉ ጥሎ ይወጣል። እኔ ዲ ላይ ጫንልኝ አላልኩት። ጫንልኝ ያልኩት ሲ ላይ ነው፣ ሲ ላይ ደግሞ ከበቂ በላይ ቦታ አለ። ያልጠየቅሁትን ቦታ የለም ይለኛል። ሲዲውን ወለወልኩ። አጥፍቼ አበራሁ። ስምንት ጊዜ ሞከርኩ፤ ስምንቱንም ጊዜ ዲ የታለ አለኝ። ስምንተኛው ላይ፣ ሞቷል፣ ባለቤቱም ሞቷል ብዬ ጮክ ብዬ መለስኩለት። ኮፒ ሊያስነሳ በር ላይ የቆመ ሰውዬ ተመልሶ ሄደ።

ሁለተኛው ቀን ላይ እስጢፋኖስን ጠራሁት። ከኢታና ጋር አብረው ነው ይህን ሙያ የጀመሩት፤ ሳሪስ የራሱ የጥገና ቤት አለው። መጣ፣ ተቀመጠ፣ የኮምፒውተሩን መዝገብ ከፈተ። ሬጂስትሪ ይሉታል፤ ምን የት እንዳለ፣ ማን ምን እንዳዘዘ ሁሉ የሚጻፍበት ነው። ከኋላው ቆሜ ነበር። የሆነ መስመር ላይ ሲደርስ ቶሎ ዘጋውና ውሃ ስጪኝ አለኝ። ውሃ ይዤ ስመለስ ጥቁር ስክሪን ላይ አንዲት ትእዛዝ ጽፎ ዲን አምጥቶታል። ምን አደረግኸው ስለው፣ ሲ ውስጥ አንድ ባዶ ፎልደር ከፈትኩና ዲ አንተ ነህ አልኩት፣ ኮምፒውተር ሞኝ ነው ያምናል አለኝ። ሳቅሁ። እሱ ግን ግንባሩን አልቦት ነበር፣ በጥቅምት ብርድ። ቡና እንኳን ሳይጠጣ ወጣ።

ጭነቱ ደህና ይሄድ ጀመር። ግማሽ ሳይደርስ መብራት ጠፋ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ተነሣ፣ የእስጢፋኖስ የውሸት ዲ ግን አልተነሣም። አንዴ ከጠፋ እንደማይቆይ አልነገረኝም ነበር። ያው ጽሑፍ ተመልሶ መጣ። ስልክ ደወልኩለት። ነገ እመጣለሁ፣ እስከዚያ አትንኪው አለኝ። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው ብለው፣ ሬጂስትሪውን እንዳትከፍቺ፣ አንዲት ፊደል ከተሳሳትሽ ኮምፒውተሩ ሁለተኛ አይነሣም አለኝ። ይህንኑ ሦስት ጊዜ ደገመልኝ። እስጢፋኖስ ነገር የሚደጋግም ሰው አይደለም።

ስልኩን ዘግቼ ከፈትኩት። ኢታና ስንት ጊዜ አጠገቤ ሲከፍተው አይቻለሁ። ፈልግ የሚለው ቦታ ላይ ዲን ጻፍኩና ፈልግ አልኩት። ብዙም አልቆየ። የግል ሰነዶች የሚቀመጡበት ቦታ በሚለው መስመር ላይ ቆመ። የሰነዶቹ ቦታ ዲ፣ ዲ ውስጥ ደግሞ ሴና የሚባል ፎልደር ነው ይላል።

ሴና። መጀመሪያ የፕሮግራም ስም መሰለኝ። ፈልግ አልኩት ደግሜ። በቅርብ የተከፈቱ ፋይሎች ዝርዝር ወጣ። ፋይሎቹ የሉም፣ ከመሳቢያው ጋር ሄደዋል፤ ስማቸው ግን ቀርቷል። አንዱ የሴና አራተኛ ዓመት ልደት ይላል። ሌላው የሴና መዋዕለ ሕፃናት ማመልከቻ።

ያኔ ሁሉም ገባኝ። ኢታና የሚጽፈው ሁሉ በቀጥታ ወደ ዲ እንዲሄድ አዝዞት ኖሯል፤ መሳቢያው ሲወጣ ሱቁ ውስጥ ምንም እንዳይቀር። ሲዲ ማንበቢያው አር የሚባል ሩቅ ፊደል ላይ መታሰሩም ለካ ለዚህ ነው፣ የዲን ቦታ ሌላ እንዳይወስደው። እኔ የደንበኞቼን ሥራ ሲ ላይ በራሴ ፎልደር ስለማስቀምጥ ዞር ብዬ አላየሁትም። አሮጌው ፕሮግራምም ጠይቆኝ አያውቅም። አዲሱ ግን ከመጫኑ በፊት የሰነዶችሽ ቦታ አለ ወይ ብሎ የሚያጣራ ሆኖ ተገኘ።

ምን ተሰማሽ ትዪኝ ይሆናል። ምንም። አንዲት ሴት መታወቂያ ኮፒ ልታስነሳ ገባች፤ አነሳሁላት። ሁለተኛው ኮፒ ደብዝዞ ወጣ፤ ደግሜ አነሳሁላት። አመሰገነችኝ። ከሄደች በኋላ እስጢፋኖስ ጋ ደወልኩና ሴና ማን ናት አልኩት። ማን ነገረሽ አለኝ። ኮምፒውተሩ አልኩት።

ከሳሪስ ድረስ በእግሩ ነው የመጣው፣ ታክሲ መያዝም አልታየው። ሁሉንም ነገረኝ። አንቺን፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለውን ቤት፣ ልጅቷን፣ ክርስትናዋ ላይ እሱም እንደነበረ። ለመሸፋፈን ሲል ውሃ እንዳስመጣኝም ነገረኝ፤ የሞተ ጓደኛዬን ነውር በገዛ እጄ አላወጣም ብዬ ነው አለኝ። ቀጥሎ፣ ኢታና የደበቀሽ ስላልወደደሽ አይደለም፣ ልጅ እንደሌለሽ እያሰበ፣ እንዳትሰበሪ ብሎ ነው አለኝ።

ያኔ ተናደድኩ። ከነሐሴ ወዲህ የተሰማኝ ነገር እሱ ብቻ ነው። ስምንት ዓመት በትዳር ኖረናል። ያልረገጥኩት ጠበል፣ ያልተመረመርኩት ምርመራ የለም። ሁልጊዜ ስመለስ በር ላይ ይጠብቀኝና፣ ልጅ ባይኖረን ምን ጎደለብን፣ እኔና አንቺ አንበቃም ወይ ይለኝ ነበር። አምኜው ነበር እኮ። በመዋሸቱ አይደለም የተናደድኩት። ስላዘነልኝ ነው። አራት ዓመት ሙሉ እያዘነልኝ እንደኖረ ማወቁ ከሞቱ በላይ አመመኝ። ቁጣው አንድ ሰዓት ያህል ቆየና ተወኝ፤ ተመልሼ ደነዘዝኩ።

አንቺንም ያን ቀን አስታወስኩሽ። የለቅሶው ሦስተኛ ቀን ላይ በር አጠገብ ተቀምጠሽ ነበር፣ ሕፃን ይዘሽ። አክስቴ ይቺ ደግሞ ማን ናት ስትል አንድ ሰው ደንበኛው ናት አለ። ልጅቷ ተነሥታ ፎቶው ፊት ሄዳ ቆመች። አንቺ ደንግጠሽ ስትቆጫት፣ ተያት፣ ልጅ አይደለች፣ ትይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አቅፌ ፎቶው ድረስ ከፍ አደረግኋት። ምንም አላለችም። አንድ ቃል ብትል ኖሮ ያን ቀን ይህ ሁሉ ያልቅ ነበር። ምን ብለሽ አስጠንተሻት ነው የመጣሽው? በአራት ዓመቷ ዝም ማለት መቻሏ አሁንም ይገርመኛል።

እስጢፋኖስን አልሸኘሁትም። ተመልሼ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤቱ ነገ ይመጣል። እስጢፋኖስ መስመሩን አጥፊውና ቀድሞ የነበረውን ስም ጻፊበት ብሎ ነበር የሄደው። ጠቋሚውን አመጣሁ። ዲን አጠፋሁና ሲ ጻፍኩበት። ስሙን ግን አልነካሁትም። ሲ ላይ ሴና የሚባል ፎልደር ከፈትኩ። አጥፍቼ አበራሁና ሲዲውን ከተትኩ። ያለ አንዳች ጥያቄ እስከ መጨረሻው ሄደ። ይኸው እስከ ዛሬ የምጽፈው ሁሉ ዝም ብሎ እዚያ ነው የሚገባው።

ደግ ሰው መሰልኩሽ? ቆይ። ከዚያ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ዝም አልኩ። ጋሽ ሮበሌ ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ዕድሜ ልክሽን በዚህ ቤት ኑሪ፣ ማንም አይጠይቅሽም ብለውኛል። ልጅ ከመጣች ግን የኢታና ድርሻ የእሷ ነው፤ ጋሽ ሮበሌም በሰው ድርሻ ቃል ሊገቡልኝ አይችሉም። ይህን አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ለጥቅምት ማርያም ሀና ማርያም መጣሁ፤ ልሳለም ብዬ አይደለም። ከቅጥሩ ስትወጡ አየኋችሁ። ሴና እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ እንደ ሽማግሌ ትራመድ ነበር። የማን አረማመድ እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ያንን አይቼም ዝም ብዬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ዝም እንዳልል ያደረገኝ ሮስተሩ ነው። ስድስት መቶ ያህል ልጆች ናቸው። ለእያንዳንዱ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ይጻፋል። አዲሱ ፕሮግራም የአባት ስም ባዶ ከሆነ ወደ ሚቀጥለው አላሳልፍም ይላል። አንድ ልጅ ላይ ስደርስ አባቱ አልተጻፈም። ትምህርት ቤቱ ጋ ደውዬ ምን ላድርግ ስላቸው፣ የሆነ ስም ጻፊበት፣ ለማሳለፍ ብቻ ነው አለችኝ መዝገብ ያዧ። ጻፍኩ። አሳለፈኝ። እጄን ግን ከኪቦርዱ ላይ ማንሳት አቃተኝ። የመጪው ዓመት ዝርዝር ላይ ያቺ እጆቿን አጣምራ የምትሄድ ልጅ ትኖራለች። አንዷ ጸሐፊ ለማሳለፍ ብላ የሆነ ስም ልትጽፍባት ነው። አባት አላት እኮ። እኔ አውቀዋለሁ።

እሑድ ኅዳር 4 ጋሽ ሮበሌ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ሲያምኑ ደግሞ፣ ስምንት ዓመት ባዶ ቤት የተቀመጥሽው የሰው ዲቃላ ለማስገባት ነው ወይ አሉኝ። ባለቤታቸው ወርቄ ከጓዳ ሆና አፋቸውን እንዲይዙ ለመነቻቸው። ክፉ ሰው አይደሉም። የኢታናን ሬሳ ከዱከም ሲያመጡ ጭንቅላቱን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ነው የመጡት። ቆይተው ድምፃቸው ለዘብ አለ። ማንም የሚያውቅ የለም፣ አንቺ ዝም ካልሽ ሴትየዋም ደፍራ አትመጣም፣ ቤትሽን ይዘሽ ኑሪ፣ ስለማን ብለሽ ነው አሉኝ። ወጥቼ ሄድኩ። ቅር ያላቸው ጊዜ ሱቄ በር ላይ እንኳን ሳይቆሙ ያልፋሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ እንደዚያ አለፉ።

አሁን ማድረግ ያለብሽን ልጻፍልሽ። ዓርብ በሦስት ሰዓት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ሁኚ፣ እስጢፋኖስ ክፍሉን ያሳይሻል። የክርስትናዋን ወረቀት ያዢ። የክትባት ካርዷን ያዢ፤ የአባት ስም ያለበት ከሆነ በጣም ይጠቅማል። ሦስታችሁም ያላችሁበት ፎቶ ካለ አምጪ። እስጢፋኖስ ይመሰክራል። ከጎረቤትሽ ቤቱ ሲመላለስ የሚያውቅ አንድ ሰው ጨምሪ። ሴናን አታምጫት፤ ኮሪደሩ ይበርዳል፣ ሰዉም አፉን አይጠብቅም። ጋሽ ሮበሌ ቢናገሩሽ አትመልሺላቸው።

ሌላም ነገር አለ። ቤትሽ ያለው ያ ጥቁር መሳቢያ ሃርድ ዲስክ ነው። ሲወድቅ ይበላሻል፣ ልጅቷ እንዳትጫወትበት፣ ከፎጣው አታውጪው። ፎቶዎቿና ስለ እሷ የጻፋቸው ነገሮች ያሉት እዚያ ይመስለኛል። እኔ አልከፍተውም። እስጢፋኖስ አውጥቶ ይሰጥሻል።

ሦስተኛዋ ምስክር እኔ ነኝ። ቀድሞ የፈረምኩትን የሚሽር ቃሌን አዘጋጅቼ ባለፈው ሐሙስ መዝገብ ቤት አስገብቻለሁ። ሟች አንዲት ሴት ልጅ አላቸው ብዬ ጻፍኩ። ሚስቱ ካመነች ማን ይክዳል ብሎኛል እስጢፋኖስ። ወዳጅ እንሁን ብዬሽ አይደለም። ይቅርታ ማድረጌንም እንጃ፤ እዚያ ገና አልደረስኩም። ቤቱም ቢሆን እንደሚሆን ይሆናል፣ እኔ ሱቄ አለኝ። አደራሽን፣ ፈርተሽ እንዳትቀሪ።

ቃሌን ሳስገባ መዝገብ ቤት ያለችው ልጅ ወረቀቱን ገልጣ አየችና፣ ከሕፃኗ ጋር ያለዎት ዝምድና የሚለውን አልሞሉትም አለችኝ። አውቃለሁ አልኳት። ባዶ መሆን አይችልም አለችኝ። እስከ ዓርብ እሞላዋለሁ ብያት ወጣሁ። መንገድ ላይ፣ ከዚያም ቤቴ፣ ከዚያም ዛሬ ጠዋት ይህን ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ሳስበው ነበር።

ማርያም በዕድሜ በጤና ታሳድጋት። ከአባቷ አረማመዱንና ሳቁን ትውረስ፣ መደበቁ ከእሱ ጋር ይቅር። አንቺንም ለወግ ለማዕረጓ ታብቃሽ። ጉንጯን ስሚልኝ፤ ከማን እንደሆነ ብትጠይቅሽ ከዚህ በታች ጽፌልሻለሁ።

የሴና እንጀራ እናት